የፈረሰው ቤት ፎቶ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ረፋድ

የመጋረጃ ጨርቅ ናሙና እየቆረጥኩ ነው። መብራት የለም። ሊፍት የለም። ሰንጋ ተራ ፎቅ ላይ ቢሮ መከራየት ማለት የደንበኛን ልብ መፈተን ነው፤ እላይ እስኪደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ የመጣበትን ይረሳዋል።

ፋርማሲ ሊከፍት ያለው ሰውዬ መጣ። ናሙናውን ሊያይ መስሎኝ ወንበር ሳብኩለት። አልተቀመጠም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ፋርማሲው! መደርደሪያው፣ መብራቱ፣ ባንኮኒው፣ ሁሉም አልቆ። ማን ሠራልህ አልኩት። ራሴ፣ አለኝ። ባዶውን ክፍል ፎቶ አንስቶ አሳምርልኝ ብሎ ለኤአይ ጻፈ፤ ያዘዘው ሻይ ሳይቀርብ ቤቱ ተሠርቶ አለቀ።

ክው አልኩ። ደብተሬ፣ ያንን ባንኮኒ ስስል፣ ስሰርዝ፣ ስነጫነጭ የከረምኩትን አንቺ ታውቂያለሽ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ በስልክ ነውር ነው ብሎ በአካል ሊሰናበተኝ ነው የመጣው። በር ላይ ደርሶ ዞር አለና ጥሩ አናጺ ታውቂ እንደሆን አለኝ። የገዛ አናጺዬን ስልክ ሰጠሁት! ደግሞ መንገዱን ያቅናልህ ብዬ መረቅኩት።

ከሰዓት፦ የሚያናድደው ነገር፣ ሥዕሉ ያምራል። ከእኔው ይበልጣል? እሱን አልጽፍልሽም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አዲስ ሥራ! ተመስገን። ሀያት ትባላለች። ባንክ ትሠራለች፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እሁድ ሳምንት እጮኛዋ ሽማግሌ ይልካል፤ ሳሎኑ እስከዚያ መድረስ አለበት።

እኔ መጅሊስ፣ ጂፕሰም፣ የተደበቀ መብራት እያልኩ ስደረድር እናትየው ወ/ሮ ዘይነባ አቋረጡኝ። ሽማግሌ የሚቀበሉት ቤታቸው እንጂ ሳጥን ውስጥ አይደለም አሉ። ቤታቸው የሚሉት የፈረሰውን ነው። ከልደታ ማርያም ወደ ጠመንጃ ያዥ ሲወረድ ነበር፤ ሰፈሩ ሲነሳ አብሮ ተነሳ። ከወሎ እንደመጡ ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ በገዛ እጃቸው የሠሩት ቤት። ጋሽ ሰይድ ኮንዶሚኒየም በገቡ በዓመቱ አረፉ።

ፎቶ ካለ አሳዩኝ አልኩ። የለም። አልበሙን ዕቃ ሲጓጓዝ ዝናብ በላው። ከጋሽ ሰይድ የተረፈው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ።

ስለዚህ ሴትየዋ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ሰማያዊ በር። ቀይ ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ በረንዳ። ዙሪያውን በግድግዳ ተጠግቶ መቀመጫ፣ በላዩ ምንጣፍ። ሳሎኑ እንዲያ ይሁንልኝ አሉ። ደስ ይላል። ግን እርሳሴን ሳነሳ የፋርማሲው ሰውዬ ትዝ አለኝና መልሼ አስቀመጥኩት። እኔስ ከማን አንሼ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

የወ/ሮ ዘይነባን ቃል በእንግሊዝኛ ለማሽኑ፣ ለኤአዩ፣ ጻፍኩለት። መጀመሪያ የሱልጣን ቤተ መንግሥት ሰጠኝ። ተቆጣሁት። ቀጥሎ የቱሪስት ጎጆ። እንደገና ተቆጣሁት። ከዚያ መጣ። ቤት! ሰማያዊ በር ገርበብ ብሎ፣ ምንጣፉ ጫፉ ተልጦ፣ ከበሩ ጎን ባለ መስኮት የጠዋት ፀሐይ ገብታ። አቧራው ሳይቀር ይታያል። የሰው ጠረን ያለው ቤት። ፈራሁት ልበል?

ወስጄ አሳየኋቸው። ለሳሎኑ መነሻ የሚሆን ሐሳብ ነው ልል ነበር። ወ/ሮ ዘይነባ ስልኬን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው አጉልተው ጥግ ጥጉን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው፦

"ከወረዳ ነው ያገኘሽው?"

አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ለካ ልኬት የሚወስዱ ሰዎች ካሜራ ይዘው ቤት ለቤት ዞረው ነበር። ውስጡንም ውጭውንም አንስተው ፋይል ውስጥ ከተቱት። ፎቶውን ለባለቤት የሰጠ የለም። ሴትየዋ እኔ ካለበት ፈልፍዬ ያወጣሁላቸው መስሏቸዋል።

አፌን ከፈትኩ። ሀያት እግሬን ረገጠችኝ። አፌን ዘጋሁ።

ግንባሬን ሳሙኝ። "አላህ ሐቅሽን ይክፈልሽ፣ ልጄ።" ደረጃው ላይ ሀያት ተከትላኝ ወርዳ ለመነችኝ። ከአባቷ ሞት ወዲህ እናቷ እንዲህ ፊታቸው ሲፈታ አላየችም። ምን ይጎዳል አለች። እኔም ምን ይጎዳል አልኩ። መኪናዬ ውስጥ ግን ፊቴ ሲግል ቆየ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጉድ ፈላ። ፎቶው (ሥዕሉ! ሥዕሉ!) ቴሌግራም ላይ ለዘመድ ሁሉ ተልኳል። ኮምቦልቻ ያሉት፣ በልጅነታቸው እዚያ ቤት የኖሩት ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ይመር የድምፅ መልእክት ልከዋል፤ ወ/ሮ ዘይነባ ለእኔም አሰሙኝ። ሰውየው ያለቅሳሉ። ሲጨርሱ ግን፣ ዘይነቢ፣ ያ መስኮት ከየት መጣ? ያ ግድግዳ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ አልነበረም ወይ?

ለማሽኑ የጻፍኩትን መልሼ አየሁ። መስኮት ብዬ አልጻፍኩም። ብርሃን እንዲገባ ብዬ ነው የጻፍኩት። መስኮቱን የከፈተው ማሽኑ ነው።

ወ/ሮ ዘይነባ ስልኩን አፋቸው ላይ አስጠግተው፣ አንተ ልጅ ሆነህ ነው የወጣኸው፣ ይኸው በፎቶ እየታየ ምን ያከራክርሃል አሉ። ወዲያው መልስ መጣ። አዎ፣ አሁን ትዝ አለኝ፣ አሉ ጋሽ ይመር። በመስኮቱ እንኳ ኳስ ወርውሬ ተገርፌበታለሁ!

ደብተሬ፣ በሌለ መስኮት የገባ ኳስ! የተገረፉበትን እንኳ ያስታውሳሉ! ሳቄ መጣ፤ መልሼ ዋጥኩት።

ይባስ ብሎ ሴትየዋ መስኮቱ ይሠራልኝ አሉ። በኮንዶሚኒየሙ ድፍን ግድግዳ ላይ፣ የእንጨት ፍሬም፣ ከኋላው መብራት። እሺ አልኩ። አናጺው ነገ ይጀምራል። እሺ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም እንዴ እኔ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

መቀመጫው እያለቀ ነው። ፍሬሙ ቆሟል። ያምራል፣ ምን ዋጋ አለው።

ወ/ሮ ዘይነባ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን ያዙ። ፎቶ አንሺዎቹ የመጡ ቀን ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቤቱ ብቻ ነው የሚነሳው፣ እርስዎ ይነሱልን ቢሏቸው አልነሳም አሉ። ቢለምኗቸው አልነሳም። ቤቱን የምትፈልጉ ከነእኔ ውሰዱት አሉ። ሰዎቹም ሲመርራቸው ከነተቀመጡበት ፎቶ አነሷቸው።

"ያኛውም ፎቶ እዚያው ወረዳ ነው ያለው። ይኼን ያገኘሽ ያንን አታጪውም። እኔ ሌላ አልፈልግም፣ ሳሎኑም ይቅር። እሱን ፈልጊልኝ።"

እሺም እንቢም አላልኩ። ሜትሬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ሀያት አመሻሽ ላይ የአባቷን የመታወቂያ ፎቶ ላከችልኝ። ከሥሩ፦ ቤቲዬ፣ ለእኔ ስትይ። አንድ ብቻ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሠራሁት። አዎ፣ ሠራሁት። ማየት ፈልጌ ነው፣ ለማንም ልሰጥ አይደለም፣ እያልኩ።

ጋሽ ሰይድ በረንዳው ላይ። ነጭ ኮፍያ። ጉልበታቸው ላይ የተጣመረ እጅ፣ ጅማቱ ሳይቀር። በሕይወት ያለ ሰው። ከኋላቸው ሰማያዊው በር። ከበሩ ጎን ያ መስኮት!

ፈገግ ብለዋል። አስፈግገው አላልኩትም። ደግሜ አሠራሁት፤ ፈገግ አሉ። አትሳቅ ብዬ ጻፍኩ፤ ረጋ ብለው፣ ደስ ብሏቸው አዩኝ። አልነሳም ያሉት ሰውዬ! ቤታቸውን ሊያፈርሱ ለመጡት ሰዎች እንኳን ደህና መጣችሁ የሚሉ ይመስላሉ።

ስልኬን ሶፋው ላይ ወረወርኩት። አለቀስኩ። ሰውየውን በሕይወታቸው አላውቃቸውም፤ ግን የሰደብኳቸው መሰለኝ። አንድ ቀን እንቢ ብለው የተናገሩትን እኔ በአንድ ጣት እሺ አሰኘኋቸው። ሁሉንም አጠፋሁ።

ለሀያት ደወልኩ። ለእናትሽ እነግራቸዋለሁ አልኳት። ጮኸችብኝ። ሽማግሌው እሁድ ነው፤ እናቴ ታማ ብትወድቅ በአንቺ ነው አለች። ከነገርሻት ደግሞ ቤታችን እንዳትረግጪ። ዘጋችው። እውነቷን ቢሆንስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ ከሰዓት

ነገርኳቸው።

ሀያት ሥራ ላይ ናት። ወ/ሮ ዘይነባ የቀትር ሶላታቸውን፣ ዙሁርን፣ ሰግደው እስኪጨርሱ ኮሪደር ላይ ቆየሁ። ገባሁ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፣ ብቀመጥ ስለማልጨርሰው። ፎቶው ከወረዳ አልመጣም እትዬ ዘይነባ። ፎቶም አይደለም። እርስዎ የነገሩኝን ለማሽን ነገርኩት፣ ማሽኑ ከራሱ ጨምሮ ፈጠረው።

እንዲያለቅሱ ጠብቄ ነበር። ወይም ውጪልኝ እንዲሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"መስኮቱስ?"

መስኮቱም የማሽኑ ነው አልኩ። እንዳልጻፍኩት ማልኩላቸው።

"መስኮት አልነበረንም?"

አልነበራችሁም፣ እትዬ።

ጉልበታቸውን መቱ። አልሐምዱሊላህ አሉ። ደግመው አሉት። እንባቸው ወረደ። ደነገጥኩ፤ ምን እንደሚያመሰግኑ አልገባኝም። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። እናታቸው በእርጅናቸው አእምሯቸው ሄዶ ነው የሞቱት፤ የወለዷቸውን ልጆች አንተ ማነህ፣ አንቺ ማነሽ ይሉ ነበር። ወ/ሮ ዘይነባ ያንን ሥዕል ያዩ ቀን መስኮቱን አላወቁትም። ለማንም አልተነፈሱም። እንደ እናቴ ጀመረኝ አሉ በሆዳቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ብቻቸውን ሲሆኑ የድሮ ጎረቤቶቻቸውን ስም በየበራቸው ተራ ይጠራሉ፤ ከመካከል አንዱ ከጠፋባቸው ያለቅሳሉ። ለጋሽ ይመር እንደዚያ የተቆጡት ፈርተው ነው። መስኮቱ ይሠራልኝ ያሉትም እያዩ እንዳይረሱት ነው።

እኔ ደግሞ ደስ ያላቸው መስሎኝ። ፊታቸው የተፈታ መስሎን! ምን ይጎዳል ብለን!

ደብተሬ፣ እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። የፋርማሲው ሰውዬ ምን በደለኝ፣ ምንም አልበደለኝም። የእሳቸው ግን ቤታቸው ፈረሰ፤ ባል ሞተ፤ አልበም ጠፋ። የቀረው ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ነበር። እኔ ገብቼ እሱም ላይ ቀዳዳ ከፈትኩ።

ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። አሁን ተቆጡ። ማሽኑን አልተቆጡም። "ማሽኑስ እሺ፣ ምን ያውቃል። አንቺ አፍ አልነበረሽም?" አሉኝ።

ቦርሳዬን አነሳሁ። ስወጣ ደህና ዋይ አላሉኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ጠዋት

አናጺው ደወለ። ወ/ሮ ዘይነባ ጠርተው ፍሬሙን አስነቅለውታል። የቀረውን ግድግዳ ምን ላድርገው ይለኛል። እንደነበረ ድፍን አድርገው አልኩት። ነገ ሽማግሌ ነው፣ ግድግዳው ላይ የምስማር ቀዳዳ ይታያል። ሀያት ስልኬን አታነሳም። ሥራው አበቃ ብዬ የጨርቅ ናሙናዎቼን ስሰበስብ ስልኬ ጮኸ።

ወ/ሮ ዘይነባ ናቸው! ደህና አደርሽም የለ፣ ምንም የለ። ሽማግሌው መስኮት ሊያይ አይደለም የሚመጣው፣ ስለ እሱ አትጨነቂ አሉ። ሀያትን እኔ እነግራታለሁ። አሁን ወረቀት ያዢ። የማሽን አይደለም፣ ወረቀት።

"እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትስያለሽ። ያላልኩሽን እንዳትጨምሪ። የረሳሁት ካለ ባዶውን ተይው።"

ጋሽ ሰይድንስ ልሣላቸው ወይ አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ። አትሥያቸው አሉ። የት እንደተቀመጡ ላሳይሽና ቦታውን ተይላቸው።

ወስኛለሁ። ዛሬ ሌላ ሥራ የለም። ባዶው ባዶ ይቀራል፤ እጄ እንዲያሳምር ቢያሳክከኝም አልነካውም። ትንፋሽ ሰብስቤ መልሼ እደውላለሁ ብያቸው ነበር፤ መች ይጠብቁኛል፣ ይኸው ራሳቸው ደወሉ። ስፒከር ላይ አድርጌያቸዋለሁ። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ይላሉ፣ ወደ ግራ፤ ከኋላው ምስማር አለ፣ የእሳቸው ኮፍያ የሚሰቀልበት፤ ምስማሩ ትንሽ ጎብጧል፣ ጻፍሽ? የሥዕል ወረቀቴ መኪና ውስጥ ነው። ይቅርታ ደብተሬ፣ ቅርብ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ አንድ ገጽ ልቀድብሽ ነው።