ሚዜህ ወደ መሳቢያ የመለሰው ላስቲክ

ለምወድህ ወንድሜ ለኖቪትሳ፣

እንደምን ከርመሃል? የቪየና ሥራ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ሊሊያናና ትንሿ ስታና ደህና ናቸው ወይ? የእናንተን ደህንነት ስሰማ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴም ለአንተ የሚደርስህ አለ።

ባለፈው ማክሰኞ የላይኛውን የፊት ጥርሴን አስነቀልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ትራምፔት የነፋሁት እሱን ተደግፌ ነው። አሁን ከንፈሬ ወደ ውስጥ ይገባና የሚወጣው ባዶ ንፋስ ብቻ ነው። በሰኔው ሠርግ በእኔ ቦታ አብሮኝ የሚነፋው ትሪፉን ይነፋል።

በጥቅምት ነርቩ ሲሞት የጥርስ ሐኪሙ ሚዜህ ሚሎዬ ዘንድ የሄድኩት ከእማዬ ጋር ነበር። ሥሩን ሊጠርግ ሲል፣ ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱን ከአፍ የሚለየውን ስስ ላስቲክ አወጣ። እማዬ ሳቀችና፣ “ምነው ልጄ፣ የቤታችን ሰው ሆነህ የስታመንኮን አፍ ተጸየፍከው?” አለችው። ፊቱ ቀላ፤ ላስቲኩን ወደ መሳቢያው መለሰና እንዲያው ሠራው።

ወር ሳይሞላ ድዴ ላይ መግል የቋጠረ ብጉር ወጣ። ኪኒን ሰጠኝ፣ ደረቀ፤ ተመልሶ መጣ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ኒሽ ከተማ ሄጄ ሌላ ሐኪም ልታይ ብዬ ስጽፍልህ፣ “ሚዜዬን አታዋርድብኝ፣ ትንሽ ታገሥ” አልከኝ። እኔም ሞኙ ታገሥኩ።

በስድስተኛው ወር እብጠቱ ዓይኔ ሥር ሲደርስ ግን ኒሽ ሄድኩ። ዶክተር ራዶይካ ጥርሱን ከፍታ ናሙና ወሰደች። የተገኘው አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው አሉ። ከምራቅ ጋር ይገባል፣ ረሃብ ይችላል፣ በተደፈነ ሥር ውስጥ ወራት ይቀመጣል። “ኪኒኑ የሚሄደው በደም ነው፤ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም የለም። ታዲያ ማን ያድርስልህ?” አለችኝ። ሁለት ጊዜ ጠርጋ መድኃኒት አደረገችበት። አጥንቱ ግን ተበልቶ አልቆ ነበር። “በሁለተኛው ወር ብትመጣ አተርፈው ነበር” ስትለኝ ያሰብኩት አንተን ነው።

ሚሎዬ የፕለም አረቄ ይዞ መጥቶ ነበር። “እንደ ባዳ አየን እንዳትሉኝ ፈርቼ እኮ ነው” አለኝ። “እኛን ከምትፈራ ለጥርሴ ብትፈራለት ምን ነበረበት?” አልኩት። አረቄውን ይዞ ተመለሰ።

በነሐሴ ስትመጡ የስታናን መንጋጋ ጥርስ እሱ እንዲሠራላት ጽፈሃል። የክርስትና አባቷ ነውና አልከለክልህም። ግን ላስቲኩን ሳያለብስ መሣሪያ ካነሣ እጁን እይዘዋለሁ፤ ይህንኑ ነግሬዋለሁ። እማዬ ደግሞ ውጭ ትቀመጣለች።

ሊሊያናን ሰላም በልልኝ፤ ስታናን ጉንጯን ሳምልኝ። ትሪፉን እጅ ነሥቷል። እማዬም ናፍቀሃታል። ከማክሰኞ ወዲህ ዳቦዬን ወተት ውስጥ እየነከረች ታቀርብልኛለች፤ ስለ ላስቲኩ ግን አንድም ቃል አልወጣትም። እኔም አላነሣሁባትም፤ ያን ቀን ስትቀልድ አብሬያት ስቄያለሁና። የሳቅሁትም በዚያው ጥርስ ነው።

ወንድምህ ስታመንኮ
ቭራንዬ፣ ግንቦት 9 ቀን