ዝንጅብል ያለበት ክሌፖን

ሙንቲላን፣ ረመዳን 19

ለማከብርዎ ለአማቴ፣ ለእማማ ሳርቲናህ፤

ዓይንዎ እንዴት ሆነልኝ? ጠብታውን ጠዋትና ማታ ያደርጋሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ ዶሮዎችዎም ደህና ናቸው።

ትናንት ጎረቤታችን ላስሚ ልጇን ጠይቃ ከሰማራንግ ተመለሰች። ለማፍጠሪያ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ዱቄት ጣፋጭ፣ ክሌፖን ይዛልኝ መጣች። «አንቺ ብቻ የምትችዪው ይመስልሻል አይደል? ቅመሺና ኩራትሽ ይብረድልሽ» አለችኝ። ሳቅኩባት። አዛን ሲል አንዱን አረንጓዴ ድብልብል አፌ ውስጥ ከተትኩት። መሃሉ ያለው የዘንባባ ስኳር ምላሴ ላይ ሲፈስ ዝንጅብል ቀመስኩ።

እማማ፣ ክሌፖን ውስጥ የተጠበሰ ዝንጅብል የሚጨምር ከእርስዎ ሌላ አላውቅም። በተጋባን በሦስተኛው ቀን የወጥ ቤቱን በር ዘግተው ሲያስተምሩኝ «ይሄን ለገዛ ሴት ልጆቼም አላሳየሁም። ለልጄ ሚስት ብቻ ነው» ብለውኝ ነበር።

«ሻጯ ማን ናት?» አልኳት ላስሚን።

«የልጄ ጎረቤት ናት፣ ገና ሙሽራ። ያስተማሯት አማቷ ናቸው አሉ። እሳቸው እንኳ ዓይናቸውን ስለሚያማቸው ከቤት አይወጡም።»

ላስሚ የማንን ቤት ነገር እንደምታወራ አላወቀችም። እኔም አልነገርኳት።

ከሁለት ዓመት በፊት ለሕክምና ብለው ሰማራንግ ያለው ባሌ፣ ልጅዎ ፕራፕቶ ዘንድ ሲሄዱ ሻንጣዎን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በስልክ «እኔና ፕራፕቶ ብቻችንን በተምር ነው የምናፈጥረው» ሲሉኝ አልቅሻለሁ። ፕራፕቶ ከድቶኛል፤ እሱን እንደምንም እችለው ይሆናል። እርስዎ ግን ሌላ ወጥ ቤት ገብተው፣ በር ዘግተው፣ ያንኑ ቃል ለሌላ ሴት ተናገሩ። ያቃጠለኝ ይሄ ነው። አሥራ አንድ ዓመት እናቴ ነበሩ።

ኢድ ሲደርስ እንደ ልማዳችን ጉልበትዎ ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ ታናሽ ነኝና። ዘንድሮ ምን አጠፋሁ ብዬ እንደምንበረከክ ጠፍቶኛል። ስለዚህ አልመጣም።

አላህ ዓይንዎን ይማርልዎ፤ ጾምዎንም ይቀበልዎ። ደግሞ ልጅቷ ዝንጅብሉን በደንብ አልጠበሰችውም፤ ጥሬ ጥሬ ይላል። እኔን ሦስት ጊዜ አስደግመውኝ ነበር። እሷን ግን ዝም ብለዋታል።

ምራትዎ
ውርያኒ