የአዳነ ዓሣ መገጭ ገባ

ነሐሴ 17፣ ጧት
ዝናቡ አባራ። ልብስ አሰጣለሁ። አያ መኮንን፣ ጎረቤቴ፣ ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። ደነገጥሁ፤ ልጄ አዳነ ያረፈ ዕለትም የተጣሩት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ፊታቸው ይስቃል።
«የአዳነ እናት፣ የልጅሽ ዓሣ መገጭ ውስጥ ይፈነጫል» አሉኝ።
ማስታወሻዬ፣ ላስረዳሽ። የዓሣው ኩሬ ያለው እዚሁ አዘዞ፣ ከመገጭ ወንዝ ዳር ነው። አዳነ ራሱ ቆፍሮ የውጭ አገር ዓሣ ያረባበት ነበር። በሽታው ከወሰደው ወዲህ አልረገጥሁትም። ዓሣውም አብሮት ያለቀ መስሎኝ። አላለቀም! ሮጬ ሄድሁ። ጎርፍ የኩሬውን ግድብ ሰብሮታል። ወንዙ ውስጥ አንዱ ዘለለ፤ ጎኑ መስታወት። ሳቅሁም አለቀስሁም።

ነሐሴ 18፣ ማታ
የዓሣ ባለሙያ መጣች፤ ገና ልጅ ናት። ሸጋ ወሬ ልነግራት ቸኮልሁ። ፊቷ ጠቆረ። ዓሣው ለዚህ ውሃ ባዕድ ነው አለች። አሁን የጣና ዓሦች እንቁላል ሊጥሉ ሽቅብ ወደ መገጭ የሚወጡበት ጊዜ ነው። እሱ ጠጠሩን እየማሰ እንቁላላቸውን ይበላል። ወርዶ ጣና ከገባ መላሽ የለውም፤ ሁሉም ተይዞ ይጥፋ አለች። ተቆጣሁ። ከልጄ የቀረኝ እሱ ነው አልኋት። 

ነሐሴ 19
ትዝ አለኝ። አዳነ ማለዳ ማለዳ በኩሬው ቦይ መውጫ ላይ ያሰረውን ወንፊት ሳያይ እህል አይቀምስም። ምነው ስለው፣ «እማዬ፣ ካመለጡ ጣናን ይወርሱታል» ይለኝ ነበር።
ልጅቱ የተናገረችው የሱን ቃል ነው። አስይዛለሁ!
ለአያ መኮንን ነገርኋቸው። አፈሩ። ለካ ደጋግመው ይዘውታል። ገላው ራቁቱን ቢሆንባቸው፣ እንደ አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ለክርስቲያን የማይበላ መስሏቸው አማትበው ይለቁታል። ሰዉም ሁሉ እንዲሁ። ከብት ሲያመልጥ እንፈልጋለን፣ ዓሣ ሲያመልጥ እንሸኛለን ብለው በራሳቸው ቀለዱ።

ነሐሴ 21
አንዱን በባልዲ ይዤ የነፍስ አባታችን ዘንድ። አምባዛ ይዘሽብኝ መጣሽ ብለው ተረቡኝ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን ከጭራው ወደ ራሱ፣ በጀርባው ላይ ሳብ አደረጉ።
«ይኸው ጣቴን ያዘኝ። ጥቂት ነው እንጂ ቅርፊት አለው። ክንፍም አለው፤ ይበላል።»
ለአዳነ ተዝካር ይሆናል ወይ አልሁ። ጾም ተፈቷል፣ ድሆች ይብሉት አሉ። ከቅዳሴ በኋላም ለሕዝቡ ይናገራሉ፤ የያዘ አይመልስ።
እየበረርሁ ተመለስሁ።

ነሐሴ 26፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
መገጭ ሰው በሰው! መረብ ያለው በመረብ፣ የሌለው በጆንያ። አያ መኮንን እስከ ጭናቸው ገብተው ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ። ባለሙያዋ ታች መረብ ዘርግታለች። ሁሉም ተያዘ አላለችም። ክረምቱ እስኪወጣ እንጠብቃለን አለች። እኔም እጠብቃለሁ፤ የሷ መረብ ወንፊቴ ነው፣ ማለዳ ማለዳ እኔ ነኝ የማየው።
አንዱን ሳወጣ በጎኑ ላይ ፊቴ ታየኝ። ልለቀው ነበር። ባልዲው ውስጥ ጨመርሁት።
ነገ አርባው ነው። የተዝካሩ ወጥ ከራሱ ዓሣ ይሠራል።
ማስታወሻዬ፣ በዓሣ እጄ አቆሸሽሁሽ። ማንም ቢያነብሽ ልጄን በክርስትና ስሙ ያስበው። ኃይለ ሚካኤል ብላችሁ አንድ አባታችን ሆይ ድገሙለት። መገጭ ውስጥ ገላው ራቁት የሚመስል ዓሣ ብትይዙም፣ እባካችሁ አትመልሱት። ስሙን ጥሩና፣ ነፍስ ይማር ብላችሁ ብሉት።