«ጌት» ከግድግዳው ወዲያ

ሰኞ
ዛሬም ጮክ ብዬ አነበብኩ። ካልጮህኩ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ የአርቡ ቃለ መጠይቅ ደግሞ በስልክ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ካለፍኩ ለማስተርስ አዲስ አበባ እገባለሁ። ካላለፍኩ ሶዶ፣ ይቺው አንድ ክፍል፣ ያው የፋርማሲው መስኮት። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ስምንት ወሬ። ከእኔ በቀር ይህን ቤት የረገጠ ሰው የለም።

የሚያስቸግረኝ «ጌት» የሚሉት ግስ ነው። እንደ ጨው የማይገባበት ወጥ የለም። ለእያንዳንዱ አገባብ የራሴን ምሳሌ ልሠራ ወሰንኩ።

ጌት አፕ፦ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ቀላል።
ጌት ታየርድ፦ ይደክመኛል። ይሄም እውነት።
ጌት ዩዝድ ቱ፦ መልመድ። ዝናቡን ለምጄዋለሁ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የለመድኩት ነገር አልመጣልኝም።

ማክሰኞ
ጌት ቱ ኖው፦ ሰውን ቀስ በቀስ ማወቅ። ምሳሌ አጣሁ! ከግድግዳው ወዲያ ያሉትን እትዬ አስቴርን እንኳ «ደህና አደሩ» ከማለት አላለፍኩም። እሳቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ቸርች፣ እኔ ወደ ማርያም፤ በር ላይ እንተላለፋለን። ኩራት መስሏቸው ይሆናል፤ ዓይን አፋርነት ነው። መጨረሻ ላይ የመጽሐፉን ምሳሌ ገለበጥኩ። ከፋኝ።

ረቡዕ
ጌት ኦቨር፦ ከሐዘን መውጣት፣ መጽናናት። ሃያ ጊዜ ያህል አልኩት። መሃል ላይ እናቴ ትዝ አለችኝና እንባ ቀደመኝ።

ቧንቧው ጋ እትዬ አስቴር ትከሻዬን ያዝ አድርገው «አይዞሽ፣ እሱ ይሰማል» አሉኝ። ምን አይተውብኝ ነው? ቀኑን ሙሉ መድኃኒት እየሰጠሁ ይህንኑ ሳብሰለስል ዋልኩ።

ሐሙስ
ከሥራ ስመለስ ሦስት ሴቶች በሬ ላይ ቆመዋል። እትዬ አስቴር ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ቀቅለው ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ይዘዋል።

«ልጄ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ እንሰማሃለን» አሉ። ሲቸኩሉ አማርኛቸው ወንድ ያደርገኛል። «ጠዋት ጠዋት በልሳን ትጸልያለህ፣ ታለቅሳለህ። እኛም ከትላንት ጀምሮ ምሳ ትተን እየጾምንልህ ነው።»

በልሳን! የኔን «ጌት»! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እነሱ ግን ገብተው እጄን ያዙና በወላይትኛ መጸለይ ጀመሩ። የገባኝ ነገር ቢኖር እግዚአብሔርን የሚጠሩበት «ጦሳ» እና የራሴ ስም ነው። ስምንት ወር ሙሉ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ። ያን ጊዜ እንዲያውም አጥብቀው ጸለዩ።

እውነቱን ሳልናገር ቦዬውን በላሁ። የጾመልኝን ሰው ምን ይሉታል?

አርብ
አለቀ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ፣ ምናልባት ሦስት። ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ግቢ ስገባ ሦስቱም ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ከሐዘኔ የተሻለኝ መስሏቸዋል። አፈርኩ።

ቅዳሜ
አልቻልኩም። መጽሐፉን ይዤ እትዬ አስቴር ቤት ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩ። ቀጥሎ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እንግዲህ ለእንግሊዝኛ ነዋ የጾምነው!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ግድ የለም፣ ጸሎት መሬት አይወድቅም።»

መጽሐፉን እየመለሱልኝ «ካለፍሽ ትሄጃለሽ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ሳቃቸው ቆመ።

«እንግዲያው ንገሪን። ከዛሬ ጀምሮ ምን ብለን እንጸልይ? እንድትሄጂ ነው እንድትቀሪ?»

ሰኞ ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሱ አፌ ላይ ነበር። «ነገ ልንገርዎት» አልኳቸው። ነገ ከቸርች ሲመለሱ ምሳ እሳቸው ጋ ነኝ፤ ምን እንደምላቸው ግን እስካሁን አላውቅም።