ሁለቱን «ፓወር» ገመዶች ይመለከታል

ለተከበሩ የማዘርቦርድ መመሪያ አዘጋጅ፣

ጤናዎ እንደ ምን ከርሟል? በተለይ ዓይንዎ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በመመሪያዎ ገጽ ሃያ ሦስት ላይ ያለችው የገመዶቹ ሥዕል ዓይን እንዴት እንደምትፈትን በራሴ አይቻለሁና። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት መብራት ስዘረጋ የኖርኩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ ለልጄ ኮምፒውተር ልገጥምላት ተነሣሁና ማዘርቦርዱን፣ ያንን ገመዱ ሁሉ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ፣ ከታናሽ እህቴ ሱቅ አመጣሁ። ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ከኮምፒውተሩ ሣጥን ፊት ለፊት የሚመጡት ቀጫጭን ገመዶች የሚሰኩበትን ቦታ ሲያሳዩኝ፣ ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ «ፓወር» ብለው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አንዱ የማብሪያው ቁልፍ፣ ሌላው ኮምፒውተሩ መብራቱን የምትጠቁመው የትንሿ መብራት መሆኑን የሚናገሩትን ፊደላት ግን ለጉንዳን እንደጻፏቸው ይሰማኛል።

፪. በዚሁ ቸርነትዎ የማብሪያውን ገመድ በመብራቷ ቦታ፣ የመብራቷን በማብሪያው ቦታ ሰካሁ። ቁልፉን ብጫን ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። መመሪያዎ «ካልሠራ ሻጩን ያነጋግሩ» ይላል። ታዛዥ ሰው ነኝና አነጋገርኩ።

፫. ያነጋገርኳት ደንበኞቿ ፊት ቆሜ ነው። «ለገዛ ወንድምሽ የሞተ ቦርድ ትሸጫለሽ?» አልኳት። በሌላ ቦርድ ቀየረችልኝ። እሱንም እንደዚያው ሰክቼ ጭጭ ሲለኝ ተመልሼ ሄድኩና ድምፄን ከፊተኛው ይበልጥ ከፍ አደረግሁ። ሊገዛ የቆመ አንድ ሰው የያዘውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ እህቴም እስኪርቅ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ያንን አስተያየቷን ባሰብኩ ቁጥር አፍራለሁ።

በማግሥቱ ሱቋን ዘግታ ቤቴ መጣች። መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች፣ ሁለቱን ገመዶች ነቅላ አቀያይራ ሰካቻቸው፣ ከዚያ ቀና ብላ «አሁን ይጫኑት» አለችኝ። ተጫንኩት፤ በራ። ልጄ አጨበጨበች፤ እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሠላሳ ዓመት ማብሪያና አምፖል ሳገናኝ የኖርኩ ሰው ማብሪያውን ከአምፖሉ መለየት አቃተኝ።

፬. በመጨረሻም በዚያው ገጽ ግርጌ «ሁለቱ እንዳይምታቱብዎ ይጠንቀቁ» ብለው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ይህችን መስመር ያነበብኳት ጥፋቱን በእርስዎ ላይ ለመለጠፍ ገጹን እንደገና ስገልጥ ነው። ቢቻል ባይጽፏት ኖሮ ደብዳቤዬ ያምር ነበር።

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣
ገመድ በመለየት የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለኝ፣
የሻጯ ታላቅ ወንድም

ግልባጭ፦
ለእህቴ ሱቅ መስታወት፣ ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ፊደል የሚለጠፍ፦ «ቦርዶቹ ሁለቱም ደኅና ነበሩ።»

ማስታወሻ፦ እህቴ አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «አንተ» ስትለኝ የኖረች ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን፣ እኔ የማላውቅዎትን ሰው በዚህ ደብዳቤ እንደምጠራዎት ሁሉ፣ «እርስዎ» ትለኛለች። ገመዶቹን ወደየቦታቸው ለመመለስ አንድ ደቂቃ በቅቷታል። «አንተ»ን ወደ ቦታው የሚመልስ ገጽ ካለዎት ይላኩልኝ፤ አሁን ግርጌውንም አነባለሁ።