ራስ ክምር ከሲሚንቶ በፊት

ሐሙስ፣ የካቲት 1994

አረም አሉት! በጸሐፊነት የምሠራባት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው፣ በዘር ያበቀልኩትን ራስ ክምር አይተው፣ "ልጄ፣ ይሄን አረም እግዚአብሔር ቤት ፊት ልትተክይው ነው?" አሉ። አዎ፣ ልተክለው ነው። ጽጌረዳው ሁለት በጋ ተተክሎ ሁለቴ ደረቀ። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ራስ ክምር ግን ሁምቦ መንገድ ዳር ማንም ሳያጠጣው በየዓመቱ ብርቱካናማ አበባ ያወጣል። ዘሩን ስለቅም እሾሁ ጣቴን አድምቶኛል። ሦስት ወር በዘይት ጣሳ አሳደግኩት።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ያለው የአበባ መደብ እስከ ሰኞ ባዶ ከሆነ ሲሚንቶ ይፈስበታል አሉ። እናያለን።

ዓርብ

ተከልኩ! ሃያ ሁለት ችግኝ። ወገቤ ተቆረጠ።

ቅዳሜ

ነቀሉት። ሁሉንም! ለነገው ጉባኤ ግቢ ሊያጸዱ የመጡ እናቶች፣ እየዘመሩ ነቀሉት። ቅዳሜ ጽዳት መሆኑን እንዴት ረሳሁ? እማማ አማረች ደስ ብሏቸው፣ "መደብሽን አረም ወርሶት ነበር፣ አጸዳንልሽ" አሉኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከበቆሎ ማሳ ሲነቅሉት የኖሩ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ሳያስቡት ይነቅለዋል። ጮህኩባቸው። በአማርኛ ጀምሬ በወላይትኛ ጨረስኩ። አሁን አፍሬያለሁ።

ከቆሻሻው ክምር ውስጥ ሥራቸው ያልተበጠሰውን አሥራ ሰባት ለቅሜ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው።

እሑድ

ስብከቱ አንድም አልገባኝም፤ ልቤ ባልዲው ጋ ነበር። ስንወጣ ጋሽ ጴጥሮስ፣ "ምልክት ነው ልጄ፣ ተይው" አሉ።

"ምልክት አይደለም፣ ነቀላ ነው" አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ከሰዓት ደግሜ ተከልኩ። እማማ አማረች ሳልጠራቸው መጥተው ጎንበስ ብለው ጉድጓድ ቆፈሩልኝ። "በዕድሜዬ ለአረም ጉድጓድ ስቆፍር የመጀመሪያዬ ነው" አሉ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። ፀሐይ እንዳይመታው የእንሰት ቅጠል አለበስነው።

ሰኞ

ግንበኛው በጠዋት አሸዋ ይዞ ከች አለ። ጠረጴዛዬንና የጽሕፈት መኪናዬን አውጥቼ መደቡ ፊት ተቀመጥኩ፣ ደብዳቤዬን መታሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ። ይየኝ!

"እንዴ! ቢሮሽ ምን ሆነ?" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

"ዛሬ ቢሮዬ እዚህ ነው።"

የእንሰቱን ቅጠል ገለጥ አደረጉ። "ደርቋል እኮ!"

"ስምንቱ ነው የደረቀው። የቆሙትን ይቁጠሩልኝ።"

መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ በወላይትኛ እስከ ዘጠኝ ቆጠሩ። ከዚያ ግንበኛውን፣ "ሲሚንቶውን ለሽንት ቤቱ ደረጃ አድርገው" አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ "ክረምት ሲወጣ ካላበበ ግን አስነቅለዋለሁ።"

የደረቁትን ስምንቱን ነቀልኩና በቦታቸው አዲስ ዘር በተንኩ።