በግንቦት የተገፈፈው የአባታችን ጎጆ

ለወንድሜ ለባንታምላክ ስንሻው፤ ካለህበት ቻይና በሰላም ይድረስህ።

እንዴት ከርመሃል ወንድሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም ያመላልስሃል? ሥራህስ? እዚያው ካንተ ጋር ያለው የገዳሪፉ ልጅ ጓደኛህ ኢሀብስ ደህና ነው? እኔ እህትህ ዙፋን፣ ልጄ ለተትንሳኤና ታናሽ ወንድማችን ዓለምነው ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሱዳኑ ጦርነት ወሬ አንድ ቀን ቀረበ፣ አንድ ቀን ራቀ ይባላል፤ ዶካ ግን እስከ ዛሬ ውላ እያደረች ነው። ይኸው ሰላምታውን እንደ ወጉ አደረስሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ቁጣ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

በድምፅ ያልላክሁልህ፣ ድምፄ ከፍ ሲል ገና ከመጀመሪያው እንደምትዘጋው ስለማውቅ ነው። ወረቀት አይጮህም። ለተትንሳኤ ፎቶ አንስታ፣ ኔትወርክ ካለበት ሱቅ ሄዳ ትልክልሃለች።

በወሩ መጀመሪያ የላክኸው ቪዲዮ ደርሶናል። ከከተማ ወጥተህ የድሮ የቻይና ቤተሰቦች ቤት የጎበኘህበትን ማለቴ ነው፤ የመንደሩን ስም መጥራት እንኳ አቅቶን ስንሳሳቅ ነበር። ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥተን በለተትንሳኤ ስልክ ዙሪያ ተኮለኮልን። እናታችን መካከል ተቀመጠች። ጎረቤታችን ሐጂ እስማኤልም ወንበራቸውን ይዘው መጡ።

ቤቱ ያምራል፤ አያምርም አልልም። ክፍሎቹ ዙሪያውን ተሠርተው መካከሉ ለሰማይ ክፍት ነው፤ የአራቱም ጣሪያ ውሃ ወደ ውስጥ ይወርዳል። የሸክላው ክዳን ሽበት አብቅሏል፣ በሩ ላይ ወፍና አበባ ተፈልፍሎበታል። አንተም የቤቱን ባለቤት ሽማግሌ ተከትለህ ያን ከፍ ያለ ደፍ ተሻግረህ ስትገባ ድምፅህን ዝቅ አደረግህ፤ ቤተ ክርስቲያን የገባህ ነው የሚመስለው። የሟች አያቶቻቸው ስም ተጽፎ ከተደረደረበት ሳንቃ ፊት ቆመህ፣ ይህ ቤት ሦስት መቶ ዓመት እንደቆመ፣ ልጆቻቸው በየጊዜው እየመጡ የተሰበረውን ሸክላ እንደሚቀይሩ ነገርኸን። እነዚህ ሰዎች አባቶቻቸውን ያከብራሉ፣ እኛ ግን ምን አለን አልህ። ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ኖራው በተላጠበት በኩል ስታልፍ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭድ የገባበት ጭቃ። ሐጂ እስማኤልም አይተውት ኖሮ፣ ወላሂ ይህስ የእኛው ጭቃ ነው ብለው ሳቁ። ይኸው ጭቃ እኛ ጋ ቢሆን ታፍርበት ነበር አልሁ በሆዴ። በሳምንቱ እንደምታፍርበት አረጋገጥህልኝ።

ለዓለምነው ያን የድምፅ መልእክት ስትልክ ምን ነክቶህ ነው? የአባባን ጎጆ አፍርስ፣ ከኸሪፉ፣ ከክረምቱ ዝናብ በፊት ለእናታችን የዚንክ ቆርቆሮ ክፍል ሥራላት፣ ሰው ፎቶውን ሲያይ ያሳፍረኛል አልኸው። ዓለምነውን ታውቀዋለህ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ያንተን ቃል እንደ አባቱ ቃል ነው የሚቆጥረው፤ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ነህና ለምን ብሎ አይጠይቅም። እኔ የስደተኛ መታወቂያዬን ላሳድስ ሾዋክ ሄጄ ሁለት ቀን ቆየሁ። ስመለስ ጎጆው ተገፍፏል። ወራጁና ማገሩ አጥንቱ ወጥቶ ቆሟል። የወረደውን ሣር ግቢው ጥግ ከምሮ አቃጥሎታል፤ አመዱ ገና ይሞቅ ነበር። እናታችን ከምሰሶው ሥር መደቧ ላይ ተቀምጣለች። ሥራው እስኪያልቅ ጎረቤት ሁኚ ቢላት ንቅንቅ አልልም አለች።

አንተ የዶካ ልጅ! የክዳን ሣር መቼ ነው የሚታጨደው? በኅዳር አይደለም? በግንቦት ከዚህ እስከ ድንበሩ እስከ ገላባት ብትሄድ ከብት ያስተረፈውን እሳት በልቶት አንዲት እስር አታገኝም። የቻይናው ሽማግሌ ሸክላው ቢሰበርበት በፈለገው ቀን ይቀይራል። የሣር ክዳን በግንቦት የሚገፍፍ ግን ወይ እብድ ነው ወይ አገሩን የማያውቅ እንግዳ። አባታችን በየአራት ዓመቱ ሲከድን እስሩን ከታች እየወረወረ የሚያቀብለው ማን ነበር? አንተ አልነበርህም? ዓለምነውስ ቃልህን አክብሮ ነው፤ አንተ ግን እንዴት ረሳኸው?

ለእናትህ አስበህ መሆኑን አላጣሁትም። ያፈስባታል፣ እባብ ይገባባታል ብለህ ነው። ይሁን። ግን በሚያዝያ ፀሐይ ዚንክ ሥር መዋል ምን እንደሆነ አታውቅም? ሴትዮዋን ልትጠብሳት ነው እንዴ? ደግሞስ ለክፍሉ የታሰበው ሲሚንቶ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። የነበረውን አስፈርሰህ በሌለው አስቀመጥኻት።

ያን ጎጆ አባታችን በሰባ ሰባቱ ረሃብ በመተማ በኩል ተሻግሮ፣ መጠለያ ውስጥ ዓመት ከርሞ፣ ከዚያ ወጥቶ በገዛ እጁ ነው ያቆመው። እኔ ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ ከድንኳን ወጥተን ቤታችን ያልነው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። አንተ ተወልደህበታል። ቻይና የወሰደህን ፈተና ያጠናኸው እዚያ ነው። አርባ ዓመት ምን አላት ትል ይሆናል። የእነሱም ቤት አንድ ጊዜ አርባ ዓመቱ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚያፈርሰው ልጅ ስላልተወለደ ነው ለጉብኝት የደረሰልህ።

ማክሰኞ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ፕላስቲክ ወጥረንባት ነፋሱ ገነጠለው፤ የመደቡ ግማሽ ሟሟ። እሷ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ በቀረው ግማሽ ላይ ተቀመጠች። ዓለምነው እንባው እየመጣ ባንታምላክ ክደን ይበለኝና እከድናለሁ ይላል። ደወልንልህ፤ አላነሳህም። እኔም ቃልህን አልጠበቅሁም። ሐጂ እስማኤል ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡባትን ዳስ አፍርሰው ሣሩን ሰጡን። ጎረቤታችን መቅደላዊት የአጥሯን ሣር ነቀለች። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከተጠለሉት የጦርነቱ ተፈናቃዮች ክዳን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች መጡ። እነሱ ነፊር ይሉታል፣ እኛ ደቦ እንለዋለን፤ ቅዳሜ ዕለት ከደንነው። አንዱ ሣር ነጣ ያለ፣ አንዱ የጠቆረ፤ ከሩቅ ሲያዩት ድሪቶ ነው። አያፈስም ብዬ አልምልልህም። ኅዳር እስኪደርስ ከያዘልን ይበቃናል።

ታዲያ ቤቱ ከተከደነ ምን ያንጨረጭርሻል ትለኝ ይሆናል። እናታችን ክዳኑ ካለቀም በኋላ ከመደቧ አልተነሳችም። ምን ሆነሻል ብላት፣ ስልኩን አምጡና የቪዲዮውን መጨረሻ ክፈቱት አለች። ያን ቀን እኛ ስለ ጭቃው ስንሳሳቅ ያመለጠንን እሷ ሰምታው ኖራለች። አንተም ስትልከው እስከ መጨረሻው አላየኸው ይሆናል። ሽማግሌው አንድ ነገር ይጠይቅሃል፣ በቋንቋቸው ትመልስለታለህ። ካሜራውን የያዘው ኢሀብ በዐረብኛ ምን አለህ ቢልህ፣ እየሳቅህ፣ የአባትህ ቤት ስንት ዓመቱ ነው አለኝ፤ እኛ ስደተኞች ነን፣ ቤት የለንም አልሁት አልህ። አርባ ዓመት ዶካ ገበያ ስትሸጥ የኖረች ሴት ዐረብኛ አትሰማም ብለህ ነው?

በማያውቅህ ሰው ፊት የአባትህን ቤት ካድህ። ይህ ሳያንስ አስፈረስኸው። እኔ እህትህ ነኝ፣ ተቆጥቼ ይወጣልኛል። የእሷ ግን አልወጣላትም።

ለተትንሳኤ፣ ኻሊ፣ አጎቴ፣ በጣም ናፍቀኸኛል፣ የእኛንም ቤት ቀርጬ እልክልሃለሁ ትልሃለች። ዓለምነው እጁ በሣሩ ተቆራርጦ በጨርቅ እንደታሰረ ሰላም ይልሃል፤ አትቆጣው፣ እኔ ነኝ ያስከደንሁት። ሐጂ እስማኤል አላህ ይጠብቀው ብለውሃል። መቅደላዊትም ሰላም ብላሃለች። ለኢሀብ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እናታችንን ለልጅሽ ምን ልበልልሽ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። በሦስተኛው፣ ሰላምታ የሚላከው ከቤት ነው፤ ቤት የለንም ካለ ከየት ብዬ ልላክለት አለችኝ።

እህትህ ዙፋን ስንሻው
ዶካ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.